የሶለኖዶን ጥርስ እና የባሕር ቀንድ አውጣ ጦር

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ንግግሬን በሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ቱቦዎች ልጀምር። የመጀመሪያው ለስላሳ ቱቦ ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፔደርናሌስ በሚባለው አካባቢ፣ ከጫካ የተያዘ አፍንጫ ረጅም እንስሳ ይህን ቱቦ እንዲያኝከው ይሰጠዋል፤ እሱ እያኘከ ሳለም ከታችኛው መንጋጋው የሚወርደው ምራቅ ይሰበሰባል። ሁለተኛው በየላቦራቶሪው የምናውቀው ትንሽ ብልቃጥ ነው። አፉ ላይ ስስ ሽፋን ይወጠርበታል፣ በሽፋኑ ላይ የዓሣ ክንፍ ቁራጭ ይደረግበታል፣ ከዚያም በውኃ ገንዳ ውስጥ ለተቀመጠ አንድ ቀንድ አውጣ ይቀርብለታል። ቀንድ አውጣው የዓሣውን ሽታ ይዞ ኩምቢውን ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ክንፉን ዳሰስ ያደርጋል፤ ከዚያም ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ሽፋኑን በስቶ መርዙን ብልቃጡ ውስጥ ይረጫል።

ከሁለቱም የሚገኘው ጠብታ ነው፤ ሁለቱም ጠብታዎች መርዝ ናቸው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው እነዚህ ሁለት ጠብታዎች ከምን እንደተሠሩና ከየት እንደመጡ ነው። በአማርኛችን እባብ የሚተፋውንም፣ ሰው ሲበላው የሚገድለውን ዕፅም በአንድ ቃል መርዝ እንላለን። እኔ ግን ዛሬ መርዝ ስል አንድ እንስሳ በጥርሱ ወይም በመንደፊያው ወደ ሌላው ሰውነት የሚያስገባውን ብቻ ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው እንስሳ ሶለኖዶን ይባላል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሚጋሩት በሂስፓኒዮላ ደሴት፣ ሌላው፣ የአገሩ ሰዎች አልሚኪ የሚሉት፣ በምሥራቅ ኩባ ተራሮች ይኖራል። እኔ የማወራው በይበልጥ ስለ ሂስፓኒዮላው ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ላየው ሰው ከልክ በላይ ያደገ አይጥ ይመስላል እንጂ ከአይጥ ወገን አይደለም። ቀን በጉድጓድና በዛፍ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ በረጃጅም ጥፍሮቹ አፈርና የበሰበሰ ግንድ እየጫረ ነፍሳትና ትላትል ይለቅማል፣ አልፎ አልፎም ትንንሽ አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት ይይዛል። አፍንጫው ከሥሩ ትንሽ ክብ አጥንት አለችው፤ እንደ ትከሻችን መገጣጠሚያ በዚያች አጥንት ላይ እየዞረ፣ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር እየገባ ይፈትሻል። የሴቷ ጡቶች ሁለት ብቻ ሲሆኑ ያሉትም በኋላ እግሮቿ ብብት አጠገብ ነው። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ሲታይ ሌላ ዘመን የሠራው እንስሳ ይመስላል፤ በእውነትም ነው። የዘር ውርስ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የሶለኖዶን የዘር ሐረግ ሽሩና ሞል ከሚባሉት፣ አይጥ ከሚመስሉ ትንንሽ ዘመዶቹ የተለየው ከ70 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ይህም ማለት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው የጠፈር አለት ከመውደቁ አስቀድሞ ነው።

ሁለተኛው እንስሳ ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣ ስንል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በክረምት በጎመን ቅጠል ላይ እየተሳበ የሚያብረቀርቅ መሥመር የሚተወው የጓሮው ነው። የባሕሩን ወገን የምናውቀው ከሞተ በኋላ ነው፤ በአንገት ጌጥና በቆዳ ልብስ ላይ የሚሰፋው ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት መሆኑን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? ዛሬ የማወራው ግን ስለ ዛጎል ሳይሆን ኮነስ ስለሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ከአንድ ጫፍ ሰፍቶ ወደ ሌላው የሚሾጥ፣ በሥዕሉ ውበት ሰብሳቢዎች ለዘመናት ሲሻሙበት የኖሩት ቀንድ አውጣ። ዝርያዎቹ ከ700 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ የባሕር ትል ይበላሉ፣ ሌሎቹ የገዛ ወገናቸውን ቀንድ አውጣ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ዓሣ ያድናሉ። ከዓሣ አዳኞቹ ሁሉ የሚፈራው ኮነስ ጂኦግራፈስ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ኮራሎች መካከል የሚኖር ሲሆን በጎረቤታችን በቀይ ባሕርም ይገኛል። ሰው ይገድላል። በ17ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በአምቦን ደሴት ይኖር የነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌኦርግ ሩምፊየስ በባንዳ ደሴቶች ስለ አንዲት ሴት ጽፎ ነበር። ሴቲቱ መረብ ሲጎተት ያገኘችውን ትንሽ ቀንድ አውጣ በእጇ ይዛ ወደ ዳርቻው ስትሄድ መዳፏን በላት፤ ማሳከኩ ቀስ በቀስ ክንዷን ይዞ መላ ሰውነቷን አዳረሰ፤ ወዲያውም ሞተች። እኔን የሚያስደነግጠኝ መሞቷ ብቻ ሳይሆን ሕመም አለመሰማቷ ነው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

እነዚህ ሁለት ፍጥረታት አንድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ የለም። አንዱ በካሪቢያን ደሴት አፈር ይጭራል፣ ሌላው በሌላ ውቅያኖስ አሸዋ ውስጥ ያደፍጣል። በዘር ሐረግም የጋራ አያታቸው የኖረው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ስለዚህ የመርዛቸው ምሥጢር ከአንድ ቅድመ አያት የተወረሰ ሊሆን አይችልም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ያገኙት ነው። ላወዳድራቸው የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

ከመሣሪያቸው እንጀምር። ሶለኖዶን የሚለው ቃል ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ቦይ ያለው ጥርስ እንደ ማለት ነው፤ ስሙን በ1833 ያወጣለት ዮሐን ፍሪድሪሽ ፎን ብራንት ነው። ከታችኛው መንጋጋ ከፊት ጥርሶቹ ሁለተኛው፣ በግራም በቀኝም፣ በውስጥ በኩል ከሥር እስከ ጫፍ የተቦረቦረ ቦይ አለው። በመንጋጋው ሥር ካለው የምራቅ ዕጢ የሚመጣው መርዝ በዚያ ቦይ ሥር ይፈስሳል፤ እንስሳው ነክሶ ሲያኝክ ምራቁ ቦዩን ይዞ ወደ ቁስሉ ይገባል። የእባብን ጥርስ ያየ ሰው ልዩነቱን ልብ ይላል፤ እባብ ከላይኛው መንጋጋው በግፊት ያስገባል፣ ሶለኖዶን ግን ከታች ሆኖ በማኘክ ያስርጋል። ቀንድ አውጣው ዘንድ ደግሞ ጥርስ የተባለው ነገር ጥርስነቱን ጥሎ ጦር ሆኗል። የጓሮው ቀንድ አውጣ ቅጠል የሚፍቅበት፣ ራዱላ የሚባለው፣ እንደ ሞረድ የሻከረ ምላስ አለ፤ በኮነስ ዘንድ የዚህ ምላስ ጥርሶች እያንዳንዳቸው ተጠቅልለው ውስጣቸው ክፍት የሆነ፣ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የተጠመዘዘ መርፌ ሆነዋል። በከረጢት ውስጥ ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንዱ ተነሥቶ ወደ ኩምቢው ጫፍ ይሄዳል፣ መርዝ ይሞላል፣ ይወረወራል፣ ከዚያም ይጣላል፤ ለሚቀጥለው አደን ሌላ ይወጣል። ሰው የሚጣል መርፌ ሠርቶ መጠቀም ከመጀመሩ እጅግ አስቀድሞ ይህ ፍጥረት በአሸዋ ውስጥ ይሠራበት ነበር።

አሁን ወደ ጠብታዎቹ ልግባ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚያ ነውና።

ሶለኖዶን መርዛም መሆኑ ከተነገረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ የመርዙ ምንነት የተገለጠው ግን በ2019 ነው። በሊቨርፑል የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪ በኒኮላስ ኬስዌል የተመራው ቡድን የእንስሳውን የዘር መዝገብና ምራቁን አንድ ላይ መረመረ። የተገኘው ነገር አስደናቂነቱ በተራነቱ ነው። የመርዙ ዋና ንጥረ ነገር ካሊክሬን የሚባል ኢንዛይም ነው። ካሊክሬን እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኔም እናንተም በምራቃችን፣ በቆሽታችንና በኩላሊታችን ውስጥ አለን። ሥራው ቆራጭነት ነው። በደማችን ውስጥ ኪኒኖጅን የሚባል ረጅም ፕሮቲን ይዘዋወራል፤ ካሊክሬን እንደ መቀስ ከሱ ላይ አጭር ቁራጭ ቆርጦ ያወጣል፤ የተቆረጠው የደም ሥሮችን ያላላል፣ የደም ግፊትንም ዝቅ ያደርጋል። በቤት ውስጥ በልክ ሲሠራበት ይህ ጤና ነው። ሶለኖዶን ያንኑ መቀስ አብዝቶ ወደ ሌላ እንስሳ ደም ሲያስገባው ግን የተነከሰው እንስሳ የደም ግፊት በድንገት ይወድቃል፤ በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራም የታየው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ሶለኖዶን የሚያስገባው የደም ሥር የሚያላላውን ነገር አይደለም፤ መቀሱን ብቻ ነው። የሚጎዳው ነገር የሚቆረጠው ከተነከሰው እንስሳ ከራሱ ደም ነው። እንስሳው በገዛ ደሙ ይረታል።

ያ የተቆረጠ ቁራጭ ብራዲካይኒን ይባላል፤ ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ቢሆንም ሥራውን በሰውነታችሁ የምታውቁት ከመካከላችሁ አትጠፉም። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የታዘዘለት ሰው አንዳንድ ጊዜ የማይለቅ ደረቅ ሳል ይይዘዋል። መድኃኒቱ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ብራዲካይኒን ቶሎ እንዳይፈርስ ማድረግ ነው፤ ሳሉም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ክምችት እንደሆነ ይታሰባል። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ የመጀመሪያው የሚዋጥ አባል ካፕቶፕሪል ሲሆን መነሻው የብራዚል እባብ፣ የጃራራካ፣ መርዝ ነበር። ብራዚላዊው ሐኪም ሰርዢዮ ፌሬራ በዚያ መርዝ ውስጥ የብራዲካይኒንን ኃይል የሚያበረታ ነገር በማግኘቱ ነው መንገዱ የተከፈተው። በካሪቢያን ጫካ ያለው የሶለኖዶን ምራቅና በአዲስ አበባ ፋርማሲ መደርደሪያ ያለው እሽግ የሚነኩት አንድ ክር ነው።

የቀንድ አውጣው ጠብታ በሌላ መንገድ ይሠራል። ውስጡ አንድ ዋና ነገር የለም፤ አንዱ ዝርያ ብቻ መቶና ከዚያ በላይ የተለያዩ ፔፕታይዶች፣ ማለትም አጫጭር ፕሮቲኖች፣ ይኖሩታል፤ የእያንዳንዱ ዝርያ ስብስብም ከሌላው ይለያል። ብዙዎቹ ከአሥር እስከ ሠላሳ የሚደርሱ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ በድልድይ እየተያያዙ ጠንካራ ቅርጽ ይይዛሉ። መቀስ አይደሉም፤ ቁልፍ ናቸው፣ ይልቁንም በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ የሚወተፍ ጠጠር። የነርቭና የጡንቻ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በገጻቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች መከፈትና መዘጋት ነው፤ ሶዲየም የሚያልፍበት በር አለ፣ ፖታሲየም የሚያልፍበት፣ ካልሲየም የሚያልፍበት። የቀንድ አውጣው ፔፕታይዶች እያንዳንዳቸው አንድ የተወሰነ በር መርጠው ይይዛሉ። ጦር የተወረወረበት ዓሣ መጀመሪያ የሶዲየሙ በር እንዳይዘጋ፣ የፖታሲየሙም እንዳይከፈት ተደርጎ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ግትር ይላል፤ ይህ የሚሆነው በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው። ከዚያ ሌሎቹ ይደርሳሉ፤ ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚልክበትን የካልሲየም በር የሚደፍን፣ ጡንቻው መልእክቱን የሚቀበልበትን የሚደፍን፣ የጡንቻውን የራሱን የሶዲየም በር የሚደፍን። ዓሣው ይዝላል። ፊሊፒናዊው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ለአንድ ግብ ተባብረው የሚሠሩትን እነዚህን የመርዝ ቡድኖች ሤረኞች ብሎ ነው የሰየማቸው፤ ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝላቸው አይችልም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኦሊቬራ ጥቂት ልበል። ወጣት ሳለ በአሜሪካ ስለ ዘረ መል ኢንዛይሞች በሚደረገው ጥናት ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ወደ ማኒላ ሲመለስ ግን ላቦራቶሪው ያን የመሰለውን ምርምር ለመቀጠል የሚያስችል መሣሪያ አልነበረውም። ታዲያ በአገሩ ባሕር ሞልቶ የሚገኘውን፣ ከልጅነቱም ቅርፊቱን ሲሰበስብ ያደገውን ቀንድ አውጣ ይዞ ጀመረ። ሥራው ይበልጥ የገፋው ኋላ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩታ ተራራማ ናት፣ ባሕር የላትም። ባሕር በሌለው አገር ላይ ቆሜ ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ ስናገር ይህ ትዝ ይለኛል። በዚያ ላቦራቶሪ ክሬግ ክላርክ የተባለ ተማሪ እያንዳንዱን ፔፕታይድ ለየብቻ በአይጥ አንጎል ውስጥ ቢከት ምን እንደሚሆን ሊያይ ተነሣ። የሆነው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ አንዱ አይጡን ያስተኛዋል፣ ሌላው ያስሮጠዋል፣ ሌላው ያንቀጠቅጠዋል። የሚያንቀጠቅጠውን ከኮነስ ማገስ መርዝ ለይቶ ያወጣው ማይክል ማኪንቶሽ ገና ሁለተኛ ደረጃን መጨረሱ ነበር።

ያ የሚያንቀጠቅጠው ፔፕታይድ 25 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን በታኅሣሥ 2004 ዚኮኖታይድ ተብሎ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። የሚደፍነው ከካልሲየም በሮች አንዱን ነው። በዓሣ ዘንድ ያ በር ጡንቻን ለማዘዝ ያገለግላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ጡንቻን የሚያዝዘው በአብዛኛው ሌላ በር ሲሆን ይኸኛው የሚሠራው የሕመም መልእክት ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚገባበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዓሣን ሽባ የሚያደርገው ነገር ለሰው የሕመም ማስታገሻ ሆነ። ለቀላል ሕመም አይሰጥም፤ ሌላ መድኃኒት ላልረዳው ብርቱ ሕመም በፓምፕ በቀጥታ ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይገባል፤ የአእምሮ መዛባትን የሚያክል ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም አለው። እንደ ሞርፊን ግን ሱስ አያሲዝም፤ ሰውነት እየለመደውም መጠኑ ያለማቋረጥ አይጨመርም። የባንዳዋ ሴት መዳፏን በላት እንጂ ሳትጮህ ያለፈችው ለምን እንደሆነ ከዚህ በመነሣት መረዳት ይቻላል፤ በዚያ ጠብታ ውስጥ ሕመምን ዝም የሚያሰኙ ነገሮች አሉ።

እስካሁን ያልኩት ሶለኖዶን ከቤቱ ዕቃ መቀስ አነሣ፣ ቀንድ አውጣው ግን ልዩ ቁልፎች ቀረጸ የሚል ነው። በዚህ ብቆም ንጽጽሩ ያማረ ይሆን ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይሰፋል።

በ2015 ሔለና ሳፋቪ ሔማሚና ባልደረቦቿ በኮነስ ጂኦግራፈስ መርዝ ውስጥ ኢንሱሊን አገኙ። ኮነስ ጂኦግራፈስ ዓሣን ጦር ወርውሮ ብቻ አያድንም። ሌሊት በኮራል ስንጥቅ ተኝተው ወዳሉ ዓሦች ይጠጋል፤ አፉን እንደ ጆንያ ሰፋ አድርጎ ይከፍታል፤ ዓሦቹም ሳይሸሹ፣ ፈዝዘው፣ ተራ በተራ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ጦሩ የሚመጣው ከገቡ በኋላ ነው። የሚያፈዝዛቸው ምን እንደሆነ ሲፈተሽ የተገኘው የደም ስኳርን የሚያወርድ ሆርሞን ነው። ቀንድ አውጣው ለራሱ ሰውነት የሚጠቀምበት የቀንድ አውጣ ኢንሱሊን አለው፤ በመርዙ ዕቃ ውስጥ ግን የሚሠራው ሌላ፣ ቅርጹ የዓሣን ኢንሱሊን የሚመስል ነው። የዓሣው ስኳር ይወርዳል፤ ስኳሩ የወረደበትን ሰው ያያችሁ፣ እንዴት እንደሚደነዝዝ፣ እንዴት እጁ እንደሚከዳው ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ቀንድ አውጣውም እንደ ሶለኖዶን ወደ ገዛ ጓዳው እጁን ሰድዷል ማለት ነው። አንዱ የደም ግፊት መቆጣጠሪያውን፣ ሌላው የስኳር መቆጣጠሪያውን አነሣ፤ ሁለቱም ያለልክ በሌላው ሰውነት ውስጥ አፈሰሱት። ልዩነታቸው ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። የሶለኖዶን ካሊክሬን የዘረ መሉ ቅጂ ቢበዛም ዛሬም ካሊክሬንነቱ በግልጽ ይታወቃል። የቀንድ አውጣው ኢንሱሊን ግን ተገርዟል፤ የእኛ ኢንሱሊን ሞለኪውሎች በስድስት በስድስት ተያይዘው የሚከማቹበት የሰንሰለቱ ጫፍ ከእሱ ላይ የለም። በስኳር ሕመም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌው ቶሎ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ያ ስብስብ እስኪበታተን መጠበቁ ነው። ቀንድ አውጣው ጊዜ የለውምና ጫፉን ቆርጦታል፤ ዛሬ ተመራማሪዎች ፈጣን ኢንሱሊን ለመሥራት ያንን ቅርጽ ያጠናሉ።

ጊዜ የለውም ያልኩት ዋናው ነገር ነው። ቀንድ አውጣ ዓሣ አሳድዶ አይዝም። የተወጋው ዓሣ አሥር ሰከንድ ቢዋኝ ለአዳኙ ለዘላለም ጠፋ ማለት ነው፤ የወደቀውን የሚያገኘው ሌላ ነው። ስለዚህ ፈጣን ያልሆነ መርዝ ያለው ቀንድ አውጣ ተርቦ ይሞታል፤ የመርዙ ዘረ መሎችም በእንስሳት ዓለም እጅግ ፈጥነው ከሚለዋወጡት መካከል ናቸው። ሶለኖዶን ግን ያገኘውን በጥፍሩ ረግጦ በጥርሱ ይዞ ያኝካል፤ መቀሱን ይበልጥ እንዲስል የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። እዚህ ላይ የሚገርመው በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ብላሪና የተባለ ሽሩ ከሶለኖዶን ጋር ሳይመካከር፣ ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተለይቶ ኖሮ፣ ያንኑ ካሊክሬን ከምራቁ አንሥቶ መርዝ ማድረጉ ነው። መርዛም አጥቢ እንስሳት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከነዚያ ጥቂቶች ሁለቱ ለየብቻቸው አንድ ዕቃ ማንሣታቸው ድንገተኛ ነው ብዬ መቀበል ይከብደኛል። ካሊክሬን ቀድሞም በምራቅ ውስጥ ነበረ፤ ንክሻና ምራቅ ደግሞ አይለያዩም።

ስለ ሶለኖዶን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ የማይሆንበት ነገር አለ። ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ የዘር ሐረግ በደሴቱ ላይ አብዛኛውን ዘመን ብርቱ ጠላት አልነበረውም። አውሮፓውያን ሲመጡ የአውሮፓ ውሻና ድመት መጡ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች አይጥ እንዲያጠፋላቸው ሞንጉዝ የሚባለውን የሙጭልጭላ ወገን ወደ ካሪቢያን አስገቡ። የኩባው አልሚኪ እስከ መጥፋት የደረሰ እስኪመስል ድረስ ለዓመታት ሳይታይ የቆየባቸው ጊዜያት ነበሩ። በፔደርናሌስ ጫካ ዛሬም ሶለኖዶን ሌሊት ይወጣል፣ ኮረብታውን በአፍንጫው ይፈትሻል። መርዙ ትንሿን አይጥ ለማዝለፍለፍ በቂ ነው። ከመንደሩ የወጣ ውሻ ሲመጣበት ግን ማኘክ የሚጠይቀው ያ ጥርስ ጊዜ አያገኝም፤ ውሻው ወገቡን አንድ ጊዜ ነክሶ አራግፎት ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜም አይበላውም።